ራስን በራስ መላጨት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ፀጉርን ቤት ውስጥ ሙልጭ አድርጎ ስለመላጨት የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናል። የሚመሳሰሉትን አዋሕደን፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ፀጉሬ ከፊት እየሳሳ አናቴም እየተገለጠ ስለሄደ ጨርሼ መላጨት ጀምሬአለሁ። በየሳምንቱ ፀጉር ቤት መመላለሱ ግን ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል። ራሴው ቤት ውስጥ ለመላጨት ከየት ልጀምር? የኋላውንስ ሳላየው እንዴት ሳልቆረጥ እጨርሳለሁ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ በማይገቡበት ቀን ያድርጉት፤ ከ40 ደቂቃ ያላነሰ ጊዜም ይያዙ። የሚቸኩል እጅ ምላጩን ይጫናል፣ የተጫነ ምላጭ ደግሞ ይቆርጣል።

ፀጉርዎ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ በምላጭ አይነካካ። ረጅም ፀጉር በምላጮቹ መካከል ይሰነቀራል፤ ምላጩም መቁረጡን ትቶ መንጨት ይጀምራል። ስለዚህ ፕላስቲክ ማበጠሪያውን ከቶንዶሱ ላይ ነቅለው በዜሮ ይከርከሙ። ከዚያ መብራት ሥር ቆመው ራስዎን በጣት ይዳስሱ። ጠባሳ፣ ኪንታሮት፣ ከፍ ያለ ማርያም ስሞሽ፣ የዱሮ ስፌት ካለ ቦታውን ልብ ይበሉ፤ በአረፋ ከተሸፈነ በኋላ አይታይዎትም። በዚያው ዳሰሳ ፀጉሩ ወዴት እንደሚተኛም ይታወቃል፤ ጣት ለስልሶ የሚያልፍበት አቅጣጫ የተኛበት፣ የሚሻክርበት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከአናት ወደ ግንባር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፊት ይተኛል፤ አናት ላይ ይዞራል፤ ማጅራት ላይ ግን እንደ ሰዉ ነው፤ የአንዳንዱ ወደ ጎን፣ የአንዳንዱም ሽቅብ ይበቅላል። ማጅራታቸው ላይ ሽፍታ የሚወጣባቸው ብዙዎች ይህን ሳያዩ ወደ ታች ብቻ የሚላጩ ናቸው።

ለብ ባለ ውኃ ለ3 ደቂቃ ያህል ይታጠቡ፤ ወይም የራሰ ፎጣ ይጠምጥሙ። ውኃ የጠጣ ፀጉር ይለሰልሳል፣ ለመቆረጥም ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል። የልብስ ሳሙና አይጠቀሙ፤ የቆዳውን ቅባት ጠርጎ ያደርቀዋል። የመላጫ ክሬም በስሱ ይቀቡ። ወፍራም አረፋ ያምራል እንጂ የሚላጩትን ይሸፍናል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከአናት ወደ ግንባር፣ ቀጥሎ ሁለቱ ጎኖች፣ የኋላው በመጨረሻ። ላይኛው ክፍል ሜዳ ስለሆነ እጅ እዚያ ይለማመዳል፤ የኋላው ፀጉርም እስኪደረስበት ድረስ ርሶ ይቆያል። እያንዳንዱ ጉዞ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሁን። የመላጫው ክብደት ራሱ ይበቃል፤ አይጫኑት። ከሁለት ጉዞ በኋላ ምላጩን በውኃ ያጥቡ። ቆዳ ላይ ሳለ በምንም ምክንያት ወደ ጎን አያንሸራቱት፤ ያ መላጨት ሳይሆን መቁረጥ ነው።

ወደ ኋላው ሲደርሱ መስታወቱን ይርሱት። በእጅ የያዙት ትንሽ መስታወትና የግድግዳው መስታወት ሲተያዩ እጅ አቅጣጫ ይስታል። አንዱ እጅ ይላጭ፣ ሌላው ከኋላው እየተከተለ ይዳስስ፤ የቀረውን ፀጉር ጣት ከዓይን ቀድሞ ያገኘዋል። ሁለቱ መስታወቶች በመጨረሻ ለማረጋገጥ ይጠቅማሉ። አገጭዎን ወደ ደረት ዝቅ ሲያደርጉ የማጅራት ቆዳ ተወጥሮ ይስተካከላል። ከጆሮ ጀርባ ሲደርሱ ጆሮውን ወደ ፊት ያጥፉት። አብዛኛው ሰው የሚቆረጠው የራስ ቅል ከኋላ በኩል በሚያብጥበት ጉብታ ላይ ነው፤ መላጫው ጉብታውን አልፎ ሲወርድ ግማሹ አየር ላይ ይንጠለጠልና በጠርዙ ያርፋል። እዚያ ጉዞው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ ከእያንዳንዱ በኋላም የእጅዎን አያያዝ ያስተካክሉ።

መጀመሪያ ከተላጩ በኋላ የሚሻክር ቦታ ከተገኘ፣ ክሬም ደግመው ቀብተው ፀጉሩን አግድም ይሂዱበት። በተቃራኒው መላጨትን ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር አይሞክሩት። ጠጉረ ከርዳዳ ለሆነ ሰው ደግሞ ጨርሶ ባይሞክረው ይሻላል፤ ምክንያቱን ቀጣዩ ጥያቄ ላይ እንመለስበታለን። በቀዝቃዛ ውኃ ያለቅልቁ፣ ፎጣውን ሳያሹ በመጫን ብቻ ያድርቁ፣ ሽታ የሌለው ቅባት ይቀቡ። ምላጩ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ካገለገለ በኋላ ይጣል፤ መንጨት ከጀመረ ግን ከዚያም በፊት።

ጥያቄ፦ በምላጭ መላጨት ከጀመርኩ ወዲህ ማጅራቴ ላይ ብጉር የሚመስሉ ትንንሽ እብጠቶች ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ጠጥረው ቀርተዋል። ምላጩ ቆሻሻ ስለሆነ ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ምላጩ ንጹሕ ቢሆንም ሊወጡ ይችላሉ። የተጠቀለለ ፀጉር ከቆዳ እኩል ወይም ከቆዳ በታች ሲቆረጥ ጫፉ እንደ እሾህ ይሾላል። ሲበቅልም ቀጥ ብሎ አይወጣም፤ ገና ቆዳው ሥር ሳለ ይጠመዘዛል ወይም ወጥቶ ተመልሶ ይወጋል። ሰውነት ደግሞ እንደ ባዕድ ነገር ይዋጋዋል፤ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይመግላል። ስለዚህ ፍጹም ልስላሴን የሚያሳድድ ሰው እብጠቱን ራሱ ይጠራዋል። እኛ ለከርዳዳ ፀጉር የምንመክረው በመዳፍ ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር የሚል ራስ ነው፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ልዩነቱን የሚያውቅ የለም።

ማጅራት ላይ ጠጥረው የቀሩት ግን ከዚህ ያለፉ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቁር ሕዝቦች ላይ፣ በተለይም ወንዶች ላይ የሚበዛ፣ የፀጉር ሥር ተቆጥቶ ወደ ጠባሳ የሚለወጥበት ሕመም አለ። ሲቆይ እብጠቶቹ ተያይዘው ኬሎይድ የሚመስል ወፍራም ጠባሳ ይሆናሉ፤ በዚያ ቦታም ፀጉር አይበቅልም። ማጅራትዎን ከዛሬ ጀምሮ በምላጭ አይንኩ፤ በቶንዶስ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር አስቀርተው ይከርከሙ። አያፍርጡ፣ በወረንጦ አይንቀሉ፣ የሚፈትግ ጠንካራ ኮሌታም ይቅር። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቶሎ ይሂዱ፤ በጅምሩ በሚቀባና በሚዋጥ መድኃኒት ይገታል፤ ከጠጠረ በኋላ ግን መርፌ ወይም ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል።

በሌላው የራስዎ ክፍል ላይ ትንንሾች ካሉ ግን፣ መላጨቱን ለ3 ወይም 4 ሳምንት ሲያቆሙ አብዛኞቹ በራሳቸው ይለቃሉ።

ጥያቄ፦ ባለ አምስት ምላጩ ይሻላል ወይስ ባለ አንዱ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ባለ ብዙው ሲሠራ የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ስቦ ያነሳል፣ ተከታዩ ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውም ተመልሶ ከቆዳ በታች ይገባል። ለለስላሳ ፀጉር ጥሩ ነው፤ ለከርዳዳ ግን ከላይ ያልነውን ችግር ይጋብዛል። ባለ አንዱ፣ ማለትም ባለ ሁለት ስለት ምላጭ የሚገባበት የብረት መላጫ፣ ፀጉሩን ከቆዳ በላይ ይቆርጠዋል፤ ምላጩም ርካሽ ነው። ዋጋው በልምምድ ይከፈላል፦ አንገቱ ስለማይታጠፍ ከቆዳው ጋር 30 ዲግሪ ያህል የሚሆነውን አያያዝ የሚጠብቀው እጅዎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጊዜያት አንገቱ በሚታጠፍ ባለ ሁለት ምላጭ መላጫ ጀምረው ራስዎን ሲለምዱት ወደ ብረቱ ይሻገሩ። ምላጭን በጣት ብቻ ይዞ መላጨት ሰው ሲላጩ እንኳ አስቸጋሪ ነው፤ የማይታይ የገዛ ማጅራት ላይ ግን በፍጹም!

ጥያቄ፦ ሦስት ወንድማማቾች አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። መላጫውንም ቶንዶሱንም እየተዋዋስን ነው። በአልኮል ከጠረግነው ይበቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለምላጩ አይበቃም፤ ለየራሳችሁ ያዙ። የጉበት ቫይረስ ቢ ደርቆ በማይታይ የደም ቅንጣት ውስጥ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የያዘውም ሰው ለዓመታት ሳይታወቀው ይኖራል። በምላጮቹ መካከል ባለው ክፍተት አልኮል በደንብ አይደርስም። በክብሪት ነበልባል ማሳለፍም ዋስትና አይሆንም፤ ስለቱን ያበላሻል እንጂ።

ቶንዶሱን መጋራት ይቻላል፤ ግን በሥርዓቱ። ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ ይጥፋ፣ ጥርሱ መካከል ያለው ፀጉር በብሩሽ ይጠረግ፤ ከዚያ በ70 በመቶ አልኮል ጥርሱን በደንብ አርጥባችሁ በራሱ እስኪደርቅ ተዉት። አርጥቦ ወዲያው በጨርቅ መጥረግ አልኮሉን ሥራ መከልከል ነው። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ጠብታ የማሽን ዘይት አድርጋችሁ ለጥቂት ሰከንድ አስነሱት፤ የምግብ ዘይት ግን እየቆየ ይወፍራል፣ ያጣብቃል። ፕላስቲክ ማበጠሪያዎቹን፣ ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚለውን በረኪና በውኃ አቅጥኖ መዘፍዘፍ ይቻላል፦ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ፣ ለ10 ደቂቃ። ብረቱን ግን በረኪና ያዝገዋል። ቶንዶሱ ካቆሰለና ደም ከነካው ለሌላ ሰው ከመዋል በፊት ጥርሱ ተፈትቶ በሳሙና ይታጠብ፣ ከዚያ አልኮሉ።

ጥያቄ፦ አክስቴ ባለቤታቸው አርፈው በአገራችን ልማድ ፀጉራቸውን መላጨት ይፈልጋሉ። ዕድሜያቸው 70 አልፏል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም ይወስዳሉ። ፀጉራቸው ሹሩባ ነው። እኔ ልላጫቸው ብዬ ፈራሁ። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፤ የራስ ቆዳ ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ትንሽ ጭረት እንኳ ብዙ ይደማል፤ በዚያ መድኃኒት ላይ ደግሞ ቶሎ አይቆምም። ምላጭ ይቅር፤ ቶንዶስ ይበቃል። መድኃኒቱን ለመላጨት ብለው እንዳያስቆሟቸው።

ሹሩባውን መጀመሪያ ይፍቱት። ከሥሩ በአንድ ጊዜ ለመቁረጥ ሲጎትቱ ቆዳው አብሮ ይነሳና መቀሱ ያገኘዋል። ፀጉሩን በጣት መካከል ይዘው፣ ጣትዎ በመቀሱና በቆዳው መካከል እንደሆነ፣ 2 ሴንቲ ሜትር እስኪቀር በመቀስ ያሳጥሩ። ከዚያ በአጭሩ ማበጠሪያ፣ በመጨረሻም ያለ ማበጠሪያ ይከርክሙ። የአረጋዊ ቆዳ ሳስቶ የሚላላ ስለሆነ በሌላው እጅ በዝግታ ወጠር ያድርጉት፤ ቶንዶሱም ጫፉ ሳይቆም ጠፍጠፍ ብሎ ይሂድ። በየመሐሉ ጥርሱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት፤ ከጋለ አጥፍተው ያብርዱት፤ የጋለ ቶንዶስ ያቃጥላል።

ከተጫረ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው 15 ደቂቃ ሳያነሱ ይጫኑ። ቆመ አልቆመም እያሉ መግለጥ የረጋውን ደም ይነቅላል። ከዚያም ካልቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። የደብረ ብርሃን ብርድ ይታወቃልና ለሌሊቱ የጥጥ ሻሽ ያዘጋጁላቸው።

ጥያቄ፦ የ6 ዓመት ልጄ ቆረቆር ይዞታል። ብላጨው ይለቀዋል? (ከጎንደር)

መልስ፦ አይለቀውም። ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለሆነ የሚቀባም ብቻውን አያድነውም፤ ሐኪም የሚያዝለት የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መውሰድ አለበት። መላጨት ቆዳውን ያቆስላል፤ ቶንዶሱም ለወንድሞቹ ያሸጋግራል። እስኪድን ፎጣው፣ ማበጠሪያውና ኮፍያው የብቻው ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ከተላጨሁ በኋላ ሎሚ እቀባለሁ፤ ጀርም ይገድላል ብለውኝ ነው። ይጎዳል? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ይተዉት። የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ እሳት አቃጥሎ ውኃ የሚያስቋጥርበት፣ ጥቁር ምልክትም የሚያስቀርበት ጊዜ አለ። የተላጨ ራስ በራሱ ለፀሐይ አዲስ ነው፤ ደጋ ላይ ደግሞ የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል። ኮፍያ ያድርጉ፤ አለበለዚያ መከላከያ ቁጥሩ 30 የሆነ የፀሐይ ክሬም ከመውጣትዎ 15 ደቂቃ በፊት ተቀብተው በየ2 ሰዓቱ ይድገሙት።

ጥያቄ፦ እህቴ ከአሜሪካ ቶንዶስ ላከችልኝ። ሶኬት ላይ ስሰካው በኃይል ጮኸ፤ ደንግጬ ነቀልኩት። ተበላሽቶ ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቶሎ መንቀልዎ ሳያድነው አይቀርም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። መለያ ወረቀቱን ያንብቡ። 100–240 የሚል ከሆነ (ቻርጅ የሚደረጉት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው) የሶኬቱን ጫፍ የሚቀይር ብቻ ይበቃል፤ የጩኸቱ ምክንያት ሌላ ስለሆነ ባለሙያ ይየው። 120 ብቻ ካለ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ግን 50ውን ወደ 60 አይለውጥም፤ ስለዚህ በማግኔት የሚርገበገበው ዓይነት በትራንስፎርመርም ሊያንኳኳ ወይም ሊደክም ይችላል። ጎኑ ላይ ብሎን ካለ ጩኸቱ እስኪሰማ ያዙሩት፣ ከዚያ ጩኸቱ እስኪጠፋ ብቻ መልሰው ያዙሩት።

ራስዎ ላይ ከማሳረፍዎ በፊት ጥርሶቹንም ይዩ። ተንቀሳቃሹ ጥርስ ከቋሚው ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ መቅረት አለበት፤ በመንገድ ተንገጫግጮ ወደ ፊት ካለፈ ቆዳ ይቆርጣል። ሁለቱን ብሎኖች ላላ አድርገው ያስተካክሉ፣ ያጥብቁ፣ ከዚያም የክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ በዝግታ ይሞክሩት።