«የጠፈር ጨረር» እውነት ጨረር ነው?

ጥያቄ፦ ስለ ከዋክብት በሚጻፉ ጽሑፎች ላይ «ጨረር»፣ «ጨረራ» እና «ራጅ» እየተቀያየሩ ይገባሉ። ሦስቱ አንድ ናቸው? «የጠፈር ጨረር» የሚባለውስ ከኤክስሬይ በምን ይለያል?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። «ጨረር» ከምንጩ የሚፈነጥቀው ነው፤ እንደ ፀሐይ ጮራ። «ጨረራ» ደግሞ ክስተቱን በጥቅሉ ይይዛል፤ «የጨረራ መከላከያ» እንደምንለው። «ራጅ» ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ ጨረር ነው። ዛሬ ግን «ራጅ ተነሳሁ» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ምርመራው ነው። ስለዚህ «ኮከቡ ራጅ ያመነጫል» አይጥምም። «ኤክስሬይ ያመነጫል» በሉት።

ዋናው ጣጣ ያለው «የጠፈር ጨረር» ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ የጨረራ መለኪያ ይዞ በባሉን ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። ጨረራው ከመሬት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀንስ ነበር። ጨረራው ግን ጭራሽ ጨመረ። ስለዚህ ምንጩ ከላይ ነው አለ። በ1920ዎቹ አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን የጋማ ጨረር (እንደ ኤክስሬይ ያለ፣ ግን ከእሱም የበረታ የብርሃን ዓይነት) መስሎት «ኮስሚክ ሬይ» አለው፤ እኛም ስሙን እንዳለ ወሰድነው።

ኋላ ሲጣራ አብዛኞቹ ፕሮቶኖች፣ ማለትም በአተም እምብርት ውስጥ የሚገኙ ቅንጣቶች ሆነው ተገኙ። ብርሃን ሳይሆኑ ቅንጣቶች ናቸው ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው በየመንገዱ ማግኔታዊ መስክ ያጣምማቸዋል። ኤክስሬይና ጋማ ጨረር ግን ቻርጅ የላቸውም፤ ማግኔት መንገዳቸውን አያስቀይራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1962 ሪካርዶ ጃኮኒና ባልደረቦቹ በሮኬት ባመጠቁት መሣሪያ በዐቅራብ ኅብረ ከዋክብት በኩል ብርቱ የኤክስሬይ ምንጭ ማግኘት የቻሉት ለዚህ ነው። ሮኬት ያስፈለጋቸውም ከባቢ አየር ኤክስሬይን ስለሚያስቀር ነው።

ይህ ልዩነት ዓረፍተ ነገራችንን ይነካል። ክራብ ኔቡላ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው፤ «ከክራብ ኔቡላ የመጣ ጋማ ጨረር» ብትሉ ልክ ናችሁ። «ከክራብ ኔቡላ የመጣ የጠፈር ጨረር» ካላችሁ ግን ያልተረጋገጠ ነገር ጻፋችሁ፤ ያ ቅንጣት ሲደርሰን የመጣበት አቅጣጫ ጠፍቷል።

እኔ ስሙን አልቀይርም፤ ሥር ሰዷል። ርዕስ ላይ «የጠፈር ጨረር» ይባል፤ ወደ ዝርዝሩ ስትገቡ ግን «ቅንጣቶች» በሉ። ግሱንም ምረጡለት፦ ጨረር ይፈነጥቃል፣ ቅንጣት ይወነጨፋል።

አንድ ልጨምር። ፕላዝማን «የጋለ ጋዝ» ብሎ ማለፍ ለምዶብናል። ፕላዝማ ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ነው፤ ስለዚህም ማግኔት ያዝዘዋል፣ ተራ ጋዝን ግን አያዝም። ኮከብ ፈንድቶ ፕላዝማው ሲናወጥ በሚፈጠረው ማዕበል ነው ብዙዎቹ የጠፈር ቅንጣቶች ያን ሁሉ ፍጥነት ያገኛሉ ተብሎ የሚታመነው። «ጋዝ» ካላችሁት አንባቢው ይህን ከየት ያመጣዋል? «ፕላዝማ» ብላችሁ ጻፉና በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱት።