መልስ፦ የሐር ትል እንቁላሎቼ ጠቆሩ፣ አልፈለፈል አሉ፣ ሞተው ይሆን?

ኧረ እንዳትጥያቸው እህቴ! የሐር ትል እንቁላል በተጣለ በጥቂት ቀን ከቢጫ ወደ ቡናማ ግራጫ ከተቀየረ ተኝቷል ማለት ነው፣ ቢጫ ሆኖ ጭምድድ ያለው ነው ያልተዳቀለው። ደግሞ የሚገርመው ወሳኟ እናትየዋ ናት፣ በዓመት ሁለቴ የሚፈለፈለው ዝርያ ከሆነ እሷ ራሷ ገና እንቁላል ውስጥ እያለች ብርሃኑ በቀን 16 ሰዓት ገደማ ሙቀቱም 25 ዲግሪ አካባቢ ከነበረ አድጋ የምትጥላቸው ይተኛሉ፣ ቀኑ አጭር ሆኖ 15 ዲግሪ ከነበረ ግን አይተኙም። ስለዚህ አሁን መብራት ብታበሪላቸው ምንም ለውጥ የለውም፣ የሚቀሰቅሳቸው ብርድ ነው። ትንሽ ሳምንታት ውጭ ይቆዩና ፍሪጅ ውስጥ 5 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ወር አስቀምጫቸው፣ ፍሪዘር ውስጥ ግን በፍጹም። የሚበሉት ቅጠል ሳይደርስ ደግሞ እንዳታወጫቸው፣ ከወጡ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊፈለፈሉብሽ ይችላሉ።