ቀኑን ማን ይቁረጥ? ስለ ሥራ መጠየቂያ ፎርሞች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው። ቢሮዎች የሥራ ጥያቄ በቴሌግራምና በኮሪደር ላይ ወሬ መቀበል ትተው ወደ ፎርም እየዞሩ ነው። ፎርሙ ሲሞላ አሳና፣ ትሬሎ፣ ክሊክአፕ ወይም ጂራ በሚባሉት የሥራ መከታተያ ሶፍትዌሮች ላይ ታስክ ይከፈታል። የማድረሻ ቀኑን ግን አሁንም ሰው በእጁ ያስገባል። ይህ የሰለቻቸው አንባቢዎች ሶፍትዌሩ ራሱ ቀን እንዲቆርጥ ይፈልጋሉ። ቀላል ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ካዛንቺስ አካባቢ ባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ኮሙኒኬሽን ክፍል ነው የምሠራው። ፎርማችን ላይ «መቼ ይፈልጉታል?» የሚል ጥያቄ አለ። መልሱ ቀጥታ የታስኩ ማድረሻ ቀን እንዲሆን አገናኘነው። አሁን ሁሉም ሰው «ነገ» ይላል፤ ቦርዳችን ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆኗል። ምን ይሻላል?

ግንኙነቱን ይበጥሱት። ጠያቂው የሚመኘው ቀንና እናንተ የምትችሉት ቀን ለየብቻ ናቸው፤ አንድ ሳጥን ውስጥ አይገቡም። ቀን ምረጥ የተባለ ሰው ቅርቡን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ምንም አያስከፍለውማ!

በምትኩ ፎርሙ የሥራውን ዓይነት ይጠይቅ፤ ፖስተር፣ ብሮሸር፣ ቪዲዮ፣ ትርጉም እያለ ከዝርዝር የሚመረጥ ይሁን። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ሩል፣ ማለትም ሶፍትዌሩ ራሱ የሚፈጽመው ትእዛዝ፣ ይጻፉ። «ታስክ ከፎርሙ ሲገባ ዓይነቱ ፖስተር ከሆነ ማድረሻውን ከ3 ቀን በኋላ አድርግ» ማለት ነው። አሳና ላይ ይህ የሚሠራው ሩልስ ውስጥ ነው፤ ክሊክአፕ ላይ አውቶሜሽን ይባላል፤ ትሬሎ ላይም አውቶሜሽን ነው፣ ድሮ በትለር ይባል የነበረው። ሁሉም ጋ አሠራሩ ይመሳሰላል።

ቁጥሩን ከየት ላምጣው ካሉኝ፣ ከራስዎ ቦርድ። ያለፉትን ወራት ፖስተሮች ይክፈቱና መቼ ገብተው መቼ እንዳለቁ ይዩ። ፈጣኑን አይውሰዱ። ቅዳሜ አምሽታችሁ ያወጣችሁት ባነር መለኪያ አይሆንም። ከአሥሩ ስምንቱ ያለቁበትን የቀን ብዛት ይያዙ፤ አማካዩ ግማሹን ጊዜ ያሳፍራችኋል።

«መቼ ይፈልጉታል?» የሚለው አይጥፋ፤ ለብቻው የቀን መስክ ይኑረው። ምኞቱ ከእናንተ ቀን ከቀደመ ታያላችሁ፣ ትደውላላችሁ። ፎርሙ አናት ላይም የየሥራውን ቀን ፊት ለፊት ይጻፉት። ሰው ቀድሞ ካወቀ ቀድሞ ይልካል፤ ሁሉም ባይሆን እንኳ።

«አስቸኳይ» የሚለውን ምርጫም አያጥፉት። የለጋሽ ጉብኝት ነገ ጠዋት ከሆነ ነገ ጠዋት ነው፤ የትኛውም ሩል አይገፋውም። ግን አስቸኳይን የመረጠ ሰው ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ ይከፈትበት፦ «በዚህ ምክንያት የትኛው ሥራ ይቆይ?» እና «ማን ፈቀደ?» ግማሾቹ እዚያ ጋ ሲደርሱ «ለነገሩ ሐሙስም ይሆናል» ይላሉ።

ሰንጋ ተራ፣ የአይቲ ድጋፍ ክፍል። ጥያቄ ሲገባ ማድረሻው ከ3 ቀን በኋላ እንዲሆን አድርገናል። ባለፈው ታስኮቹ በዓል ቀን ላይ ወደቁ። ሶፍትዌሩ በዓላችንን ማወቅ ይችላል?

ከነገሩት ያውቃል፤ ካልነገሩት አያውቅም። ልዩነቱን በሚመጣው ፋሲካ ላሳይዎት። በ2019 ዓ.ም. ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22 ነው። ቅዳሜ 23 የላብ አደሮች ቀን፣ እሁድ 24 ፋሲካ፣ ረቡዕ 27 ደግሞ የአርበኞች ቀን። አሁን አንድ ጥያቄ ሐሙስ ሚያዝያ 21 ገባ እንበል። ዝም ብሎ 3 ቀን የሚቆጥር ሩል ማድረሻውን ፋሲካ ላይ ይጥለዋል፤ ዶሮው ፊት ተቀምጠው ማሳሰቢያ ይደርስዎታል። ቅዳሜና እሁድን ብቻ የሚዘል ሩል ማክሰኞ 26 ይላል። በዓላቱን የሚያውቅ ግን ሐሙስ 28 ላይ ያቆመዋል። ያው «3 ቀን» ነው፤ ልዩነቱ ግን አራት ቀን።

ጂራ የምትጠቀሙ ከሆነ አውቶሜሽኑ ውስጥ ያለው የሥራ ቀን ቆጠራ የእኛን በዓላት አያውቅም። ለድጋፍ ክፍሎች በተሠራው ጂራ ሰርቪስ ማኔጅመንት ውስጥ ግን የኤስኤልኤ (ቃል የተገባ የአገልግሎት ጊዜ) ካላንደር አለ፤ የሥራ ሰዓትና በዓላት እዚያ ይመዘገባሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ የዓርቡን ምሳ፣ በእኛ ሰዓት ከ5፡30 እስከ 7፡30፣ በሲስተሙ 11፡30 እስከ 13፡30 ብላችሁ ለብቻ አስገቡት።

ገንዘብ ማውጣት ለማትፈልጉ ደግሞ ጉግል ፎርምና ጉግል ሺት ይበቃል። ሺቱ ላይ ወርክዴይ (WORKDAY) የሚባል ቀመር አለ። መነሻ ቀን፣ የቀን ብዛትና የበዓላት ዝርዝር ይሰጡታል፤ ማድረሻውን ይሰጥዎታል። ቅዳሜም የምትሠሩ ከሆነ «ኢንትል» የሚለው ቅጥያ ያለበትን ወንድሙን (WORKDAY.INTL) ይጠቀሙና የዕረፍት ቀን ኮዱን 11 ያድርጉት፤ እሁድን ብቻ ይዘላል።

ዝርዝሩን ግን በየዓመቱ ሰው ይየው፣ ያውም በስም የተመደበ ሰው። ኢድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በጨረቃ ይንቀሳቀሳሉ። ቋሚ የምንላቸውም በፈረንጅ ካላንደር ቋሚ አይደሉም። 2019 ዓመተ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ የ2020 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ላይ ይውላል፤ መስቀልና ጥምቀትም በአንድ አንድ ቀን ይገፋሉ። «በየዓመቱ ድገም» ብላችሁ የረሳችሁት ዝርዝር ያን ጊዜ ጉድ ያደርጋችኋል።

ፒያሳ ማተሚያ ቤት አለኝ። ደንበኛ ፎርሙ ላይ «ሐሙስ 4 ሰዓት» ብሎ ጻፈ። ልጁ ሲስተሙ ላይ ከሰዓት በኋላ 4፡00 አድርጎ አስገባው። ደንበኛው ጠዋት መጥቶ ካርዱ አልታተመም፤ ጩኸቱ አይጣል ነው። ጥፋቱ የማን ነው?

የባዶ ሳጥኑ። ሰው ሰዓት በነፃ እንዲጽፍ አይፍቀዱ። ምርጫ ይስጡት፦ «ጠዋት 4 ሰዓት»፣ «ከሰዓት 8 ሰዓት»፣ «ከሰዓት 11 ሰዓት»። ከኋላ ደግሞ ሲስተሙ 10፡00፣ 14፡00 እና 17፡00 ብሎ እንዲይዛቸው ያድርጉ።

ቀኑም ያው ነው። «5/3» ብሎ የጻፈልዎት ደንበኛ ኅዳር 5 ማለቱ ይሆናል፤ ሲስተሙ ማርች 5 ወይም ሜይ 3 ብሎ ያነበዋል። ከካላንደር ተጭኖ የሚመረጥ ቀን ብቻ ይቀበሉ። ከዚያ ለደንበኛው በሚሄደው ማረጋገጫ ላይ የሳምንቱን ቀን ስም ይጨምሩ፤ «ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14፣ ኅዳር 5» ሲል ያየ ሰው ስህተት ካለ ያኔውኑ ይደውላል። የአካውንቱን የሰዓት ቀጣናም ይፈትሹ። አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ናይሮቢን ይምረጡ፤ ሁለታችንም ከግሪኒች በ3 ሰዓት እንቀድማለን።

አራት ኪሎ ነው ቢሯችን። ጥያቄው ይገባል፣ ቀኑ መቁጠር ይጀምራል፣ የሚታተመው ጽሑፍ ግን ከሳምንት በኋላ ነው የሚላክልን። ከዚያ «ዘገያችሁ» እንባላለን።

ቆጠራው የሚጀምረው በተሳሳተ ቦታ ነው። ሩሉ «ታስክ ሲፈጠር» ከሚል «ታስክ ወደ ዝግጁ ሲዛወር» ይበል። አዲስ ጥያቄ መጀመሪያ «መረጃ ይቀረዋል» የሚል ክፍል ውስጥ ያለ ማድረሻ ቀን ይቀመጣል። ጽሑፉ፣ ሎጎውና የበጀት ኮዱ ሲሟሉ አንድ ሰው ያዛውረዋል፤ ቀኑ ያኔ ይቆረጣል። ጽሑፉን ፎርሙ ላይ ግዴታ ማድረግም ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንዱ «ይላካል» የሚል ባዶ ፋይል አያይዞ ያልፋል። አይቻለሁ።

ስታዲየም አካባቢ አነስተኛ ድርጅት አስተዳድራለሁ። ሲስተሙ በቆረጠው ቀን ያልጨረሰ ሠራተኛ ደመወዝ ቢቀነስበት ምን ይመስልሃል?

አይሆንም ወንድሜ። ሩሉ የጻፈው ቀን ግምት ነው፤ ሠራተኛው ቃል አልገባበትም። የደመወዝ ቅነሳም የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ያለበት ጉዳይ ነው፣ በራስህ የምትወስነው አይደለም። ደግሞ በማግስቱ ሁሉም ማድረሻ ቀኑን በእጁ መግፋት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የቀረህ መረጃም አይታመንም።

ሜክሲኮ፣ የግዥ ክፍል። ሰኔ ሲገባ የጥያቄው ብዛት ለጉድ ነው። አርባ ጥያቄ በአንድ ቀን ይገባል፤ ሩሉ አርባውንም በ5 ቀን ድረሱ ይላል። እንዴት ይደረግ?

እንዲህ ያለ ሩል ሰልፉን አያይም። አርባኛው ጥያቄም ለእሱ አንደኛው ነው። በጀቱ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ፣ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ እንደሚመለስ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ሰኔን በሌላው ወር ቁጥር አትሩጡት።

የእኔ ምክር፣ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ሩሉን አጥፉት። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰው ተቀምጦ የገባውን ይይ፤ በሳምንት ስንት መጨረስ እንደምትችሉ ታውቃላችሁ፣ ያን ያህሉን ብቻ ቀን ስጡት። የቀረው «ተራ ይጠብቃል» ውስጥ ይቆይ። ፎርሙ አናት ላይም በጉልህ ጻፉ፦ «ከሰኔ 10 በኋላ የሚገባ ጥያቄ በዚህ በጀት ዓመት ላይደርስ ይችላል።» ይህን ጽሑፍ ግን ሰኔ ላይ አትለጥፉት፤ ሚያዝያ ላይ ለጥፉት። ሐምሌ 1 ሩሉን መልሳችሁ ማብራቱን ለሚያስታውስ ሰው ደግሞ ታስክ ክፈቱለት፣ ማድረሻ ቀኑን በእጅ አስገብታችሁ።