«የጫማ አሰራር» ወይስ «የጫማ ክር አስተሳሰር»?

ጥያቄ፦ መምህር ሰላም ነዎት? ስለ ጫማ ክር የሚያሳይ አንድ ቪዲዮ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ክሩ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚገባባቸውን የተለያዩ ስታይሎች ያሳይና መጨረሻ ላይ ደሞ እንዴት እንደሚታሰር ያሳያል። ርዕሱን «አስር የጫማ አሰራር ዘዴዎች» ብዬ ነበር፣ ያዩት ጓደኞቼ ግን «ጫማ ስትሰሪ ልናይ መጥተን ክር ታስሪያለሽ እንዴ» ብለው ሳቁብኝ። ሁለተኛ ደሞ ማስገባቱንም መቋጠሩንም «ማሰር» እያልኩ ራሴም ግራ ገባኝ። አንዱ ደግሞ ክር የልብስ መስፊያ ነው፣ «ማሰሪያ» ነው የሚባለው አለኝ። «ጫማህን እሰር» ራሱ ስህተት ነው፣ የሚታሰረው ክሩ ነው ያለኝም አለ። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ ሰላም ነኝ እህቴ፣ እግዜር ይመስገን። ጓደኞችሽ እውነታቸውን ነው የሳቁት፣ ጉድ የሰራችሽ «አሰራር» የምትለዋ ቃል ናት። «አሰራር» የመጣው ከ«ሠራ» ነው፣ የቢሮ አሰራር፣ የምግብ አሰራር እንደምንለው፣ ስለዚህ «የጫማ አሰራር» የሚል ርዕስ ያየ ሰው ቆዳ ሲቆረጥ ሶል ሲለጠፍ አያለሁ ብሎ ነው ቪዲዮውን የሚከፍተው። አንቺ የፈለግሽው ከ«አሰረ» የሚወጣውን ነው፣ እሱ ደሞ «አስተሳሰር» ነው። በ«አ» የሚጀምሩ አጫጭር ግሶች ብዙዎቹ «እንዴት እንደሚደረግ» የሚለውን ስም ሲያወጡ እንዲህ ነው የሚሄዱት፣ አሰበ ብለሽ አስተሳሰብ፣ አደገ ብለሽ አስተዳደግ፣ አጠበ ብለሽ አስተጣጠብ ትያለሽ፣ አሰረም ከነሱ ጋር ነው። ለነገሩ ቃሉን ታውቂዋለሽ፣ የከረባት አስተሳሰር ሲባል ሰምተሽ የለ? የከረባት አሰራር የሚል ሰው ካጋጠመሽ ልብስ ሰፊ ነው ማለት ነው።

ድሮ ይሄ ነገር በፊደል ይለይ ነበር። ሠራ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው፣ አሥር ቁጥሩም እንደዛው፣ አሰረ ግን በእሳቱ ሰ ነው። አሁን ስልክ ላይ ማን ይሄን ይጠብቃል፣ እኔም ራሴ ስቸኩል የመጣልኝን ሰ ነው የምነካው፣ ስለዚህ አንባቢው በፊደሉ ይለየዋል ብለሽ አትተማመኚ። በተለይ «አስር» ላይ ተጠንቀቂ፣ አንድ ሰው «ጫማዬን አስር ነበር» ሲል እያሰርኩ ነበር ማለቱ ነው፣ አንቺ ርዕስሽን «አስር የጫማ...» ብለሽ ስትጀምሪ ደሞ ቁጥር ይሁን ግስ እስኪጨርሱት አይታወቅም። 10 ብለሽ በአሃዝ ጻፊውና ተገላገይ።

ትእዛዝ ስትሰጪም እንዲሁ አንድ ፊደል ናት የምትለየው፣ «እሰሪ» ስትይ ክር ነው፣ «ስሪ» ስትይ ሥራ ነው። «ጫማ አሳሰርኩ» ያለ ሰው ሌላ ሰው ክሩን አስሮለታል፣ «ጫማ አሰራሁ» ያለው ግን ጫማ ሰሪ ዘንድ ሄዶ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልምጣ፣ ለኔ ዋናው እሱ ነው። ማስገባቱና መቋጠሩ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፣ ሳይንሱም ለየብቻ ነው የሚያያቸው። ቡርካርድ ፖልስተር የሚባል የሂሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ኔቸር መጽሔት ላይ ክሩ በቀዳዳዎቹ የሚያልፍበትን መንገድ ብቻ አስልቶ፣ የጫማውን ሁለት ጎን አቀራርቦ በመያዝ የሚበልጡት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው መስቀለኛውና ቀጥ ብሎ አግድም የሚያልፈው ናቸው አለ፣ ቋጠሮ ውስጥ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደሞ በርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ቀዳዳውን ትተው ቋጠሮውን ብቻ ይዘው፣ ሰው ሲሮጥ ጫማውን በዘገምተኛ ካሜራ ቀርጸው፣ ክር እየሄድን ለምን በራሱ እንደሚፈታ አሳዩ። እግር መሬት ሲመታ ከመሬት ስበት 7 እጥፍ በሚሆን ኃይል ቋጠሮው ይናጋል፣ ይላላል፣ እግሩ ሲወዛወዝ ደግሞ የተንጠለጠሉት የክር ጫፎች እንደ እጅ ሆነው ይጎትቱታል፣ ከዛ በኋላ በሰከንዶች ውስጥ ዘርገፍ ነው። እነሱ ለሁለት የተካፈሉትን እኛ በአንድ «ማሰር» ከጨፈለቅነው ቪዲዮሽን የሚያይ ሰው የትኛው ጋ እንዳለ አያውቅም።

አማርኛ ደሞ ቃል አላጠረውም። ክሩ በአንድ ቀዳዳ ሲያልፍ ማስገባት ወይ ማሾለክ ነው፣ «ከታች ወደ ላይ አሹልኪው» ብትዪ ማንም ይገባዋል። ክሩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየተሻገረ ሲሄድ ማጠላለፍ ነው፣ የዚህ ስሙ «አጠላለፍ» ነው፣ እኔ ብሆን ለቪዲዮው የመጀመሪያ ክፍል የምመርጠው ይሄን ነው፣ መስቀለኛ አጠላለፍ፣ አግድም አጠላለፍ እያልሽ ትሄጂያለሽ። ጠለፈ ጥልፍ ከሚለው ጋር አንድ ቤት ነው፣ ክር ይዞ መሄድ ድሮም ሥራው ነው። (ያልታሰረ ክር ደሞ ባለቤቱን ራሱን ጠልፎ ይጥለዋል፣ ግሱ በዛም በኩል ያገለግልሻል።) ተረከዝ ጫማ ውስጥ እንዳይንሸራተት ተብሎ የመጨረሻዋ ላይኛዋ ቀዳዳ ላይ ክሩን እዛው ጎን መልሶ አስገብቶ ቀለበት ሰርቶ የተቃራኒውን ጫፍ በዛ ቀለበት ማሳለፍ አለ አይደል፣ ሯጮች የሚወዱት፣ እሱም ያው አጠላለፍ ነው፣ ቋጠሮ የለበትም። ከዛ ማጥበቅ ወይ መሳብ ይመጣል፣ ከዛ ነው መቋጠር።

«ማሰር»ን ለጠቅላላው ተዪው። አሰረ የሚለው የሚያየው የሚያዘውን ነገር ነው፣ ቋጠረ ግን ክሩን ራሱን ነው። ውሻውን አሰረው እንላለን፣ ውሻውን ቋጠረው አንልም፣ የገመዱን ጫፍ ግን ቋጠረው ይባላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባልም ያስር ነው እንጂ ይቋጥር አይደለም፣ አንበሳው ነው የተያዘው። በዚህ ከሄድሽ «ጫማህን እሰር» ስህተት ነው ላለሽ ሰውዬ መልሱ ተገኘ፣ እግሩ ላይ እንዲጸና የሚያዘው ጫማው ነው፣ ክሩ መያዣው ነው፣ ስለዚህ «ጫማህን እሰር»ም ልክ ነው «የጫማህን ክር እሰር»ም ልክ ነው። ሲፈታ ግን አብዛኛው ሰው «ክርህ ተፈቷል» ነው የሚለው፣ ያኔ የሚታየው ነገር መሬት ለመሬት የሚጎተተው ክር ነዋ። እንዲህ አይነቱን ነገር በሎጂክ ብቻ ላርመው የሚል ሰው ሰዓት አሰረ ሲባልም ሊቃወም ነው።

ቋጠረን ስትጽፊ ከቆጠረ ጋር እንዳይምታታብሽ፣ በላክሽልኝ የትርጉም ጽሁፍ ላይ «ክሩን ሁለቴ ቁጠሪ» የሚል አይቻለሁ፣ ያ አንድ ሁለት ብለሽ ቁጠሪ ማለት ነው። ለቁጥሩ ይቆጥራል፣ ቁጠሪ፣ አቆጣጠር፣ ለቋጠሮው ይቋጥራል፣ ቋጥሪ፣ አቋጣጠር። ቋጠረ ደሞ ብዙ ቦታ የሚውል ግስ ነው፣ ቂም ይቋጠራል፣ ስንቅ ይቋጠራል፣ ፊት ይቋጠራል። ጫማ ላልቶ ሲታሰርና ቀኑን ሙሉ ሲፈትግሽ ደሞ እግርሽ ውሃ ይቋጥራል፣ ክሩ ያልቋጠረውን እግር ቋጠረው ማለት ነው።

ሸምቀቆ የሚለውን ግን ከጽሁፉ አውጪው። ሸምቀቆ በሳብሽው ቁጥር እየጠበቀ የሚሄድ ነው፣ የጫማ ክር የመጨረሻው ቋጠሮ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ አንዱን ጫፍ ስትስቢው ነው የሚፈታው። ሁለት ቀለበት ያለው ቋጠሮ ብትዪው ይበቃል፣ ሁለቱን ቀለበቶች ደግመሽ ስትቋጥሪያቸው ደግሞ ድርብ ቋጠሮ።

ክር ነው ማሰሪያ ለሚለው ብዙ አልሄድበትም፣ ሁለቱም ያስኬዳል። ማሰሪያ ሥራውን ነው የሚነግርሽ፣ ክር ደግሞ ሰው ሁሉ የሚለው ነው፣ «የጫማ ክር» ስትዪ መርፌ የሚያስብ የለም። «የጫማ ገመድ» ግን ለጆሮዬ ወፍራም ነው፣ ለቡትስ ካልሆነ። ደስ የሚለኝ ግን አሮጌው ቃል ነው፣ ጠፍር። ዮሐንስ መጥምቅ «የጫማውን ጠፍር ልፈታ የማይገባኝ» ሲል አማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀመው እሱን ነው፣ ጠፍር ማለት ከቆዳ የተቆረጠ ረጅም ቀጭን ማሰሪያ ነው፣ የጠፍር አልጋም ጠፍሮ ማሰርም ከዚሁ ነው። አርሜኒያ ውስጥ አረኒ የሚባል ቦታ ዋሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 የተገኘው 5,500 ዓመት ገደማ የሆነው የቆዳ ጫማ ማሰሪያው በቀዳዳዎቹ እንደገባ ነው የተገኘው፣ ማሰሪያው ቆዳ ስለሆነ በአማርኛ ስንጽፈው ክር ከምንለው ጠፍር ብንለው ነው የሚያምረው። ለቪዲዮሽ ስኒከር ግን ጠፍር አትበይ፣ ሰው ይስቅብሻል፣ አንዴ ስቀውብሻል ይበቃል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። መጨረሻው አካባቢ ያለችውን፣ ሁለቱ ቀለበቶች ጫማው ላይ አግድም ከመተኛት ይልቅ ወደ ጣትና ወደ ቁርጭምጭሚት ሲዞሩ የምታሳየዋን ቦታ «የተበላሸ አስተሳሰር» ብለሽ አልፈሻታል፣ ምን እንደተበላሸ ግን አልነገርሽም። የሚሆነው እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ አሳልፈሽ ከቋጠርሽ፣ ቀለበቱን ስትሰሪ ደግሞ ግራው ነው በቀኙ ላይ ማለፍ ያለበት፣ ሁለቴም በአንድ አቅጣጫ ካሳለፍሽው ቋጠሮው ይጣመማል፣ ቶሎም ይፈታል፣ የበርክሌዮቹም ሙከራ ላይ ቶሎ የተሸነፈው እሱ ነው። እዛ ጋ «የተጣመመ ቋጠሮ» በይና ከሥሩ «ሁለቴም በአንድ አቅጣጫ ስለታለፈ» የሚል ጨምሪበት። «ታለፈ» ካልጣመሽ «ስለዞረ» በይው።

«ፈታ አድርጋችሁ እሰሩ» ያልሽውን ደሞ አትንኪው። መፍታትና ማሰር በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲገናኙ የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ ማንም አማርኛ ተናጋሪ አይምታታበትም፣ «ፈታ አደረገ» አላላ ማለት ነው፣ «ፈታ» ብቻውን ሲሆን ነው ቋጠሮው የሚሄደው። ርዕሱን «የጫማ ክር አጠላለፍና አስተሳሰር፦ 10 መንገዶች» ብትዪው እኔ እከፍተዋለሁ።