«ለምን አይሸጡትም?» ላላችሁኝ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

መሥሪያ ቤት አብረውኝ የነበሩ ወጣቶች ቤቴ መጥተው የሰፋሁትን ብርድ ልብስ ሲያዩ ጥያቄያቸው አንድ ነው። «ጋሼ፣ ለምን አይሸጡትም?» ቲክቶክ ላይ ፔጅ ልክፈትልዎት ያለኝም አለ። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። መልሱ ግን ረዘም ስለሚል ቡና እየጠጣን አልጨረስነውም። እዚህ ልጨርሰው።

የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከሜክሲኮ እስከ ለገሃር ባሉ ቢሮዎች የሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ሒሳቡን ከእናንተ በፊት ሠርቼዋለሁ፤ አያዋጣም። አንድ ብርድ ልብስ ወራት ይፈጃል። የቀን ሠራተኛ ክፍያ እንኳ ቢታሰብለት፣ መርካቶ ባለዚፕ ላስቲክ ውስጥ ታሽጎ ከሚሸጠው የፋብሪካ ብርድ ልብስ ጋር አይወዳደርም። እውነቱን ለመናገር ያኛው የበለጠ ይሞቃል። ሰው በሚገዛበት ዋጋ ብሸጠው ጉልበቴን በነፃ ሰጠሁ ማለት ነው፤ ጉልበቴን ካሰብኩ ደግሞ ገዢ የለም። ኪሳራ ነው፣ መዝገቡ ይዘጋ።

እኔን ደስ የሚለኝም ይኸው ነው። ዛሬ እጃችሁ የነካው ሁሉ ገቢ እንዲያመጣ ትጨነቃላችሁ። ኑሮው እንዲህ ተወዶ እያየሁ አልፈርድባችሁም። ግን ዳንቴል የጀመረች ልጅ ገና ጠርዙን ሳትጨርስ «ስንት ያወጣል?» ስትል እሰማለሁ። እኔ የምለው፣ አንድ ነገር ከሒሳብ ውጪ ይኑራችሁ። ደንበኛ የማይጠብቀው፣ ላይክ የማይቆጠርለት። ደንበኛ ከመጣ ቀለሙን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ቀኑንም የሚቆርጠው እሱ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ ሥራ ያዛችሁ እንጂ አላረፋችሁም።

በእጁ ሥራ ለሚያድር ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ሽሮ ሜዳ ጋቢ ስትገዙ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ አትከራከሩ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆን እንኳ፣ ማጉ ብዙ ጊዜ የእጅ ፈትል ነው። ጥጡ ተፈልቅቆ፣ ተነድፎ ባዘቶ ሆኖ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ነው ሸማኔው ጋ የሚደርሰው። እናንተ የምታዩት ሸማኔውን ወይም ነጋዴውን ነው፤ ፈታይዋ ገበያው ላይ የለችም። ሁለት መቶ ብር አስቀነስኩ ብላችሁ ስትፎክሩ እሷም እንዳለችበት አስቡ።

አሁን ወደ መርፌው። ሰፈር ውስጥ «የጋሼ ድሪቶ» ይሉታል፤ ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉት ነው። ሦስት ንብርብር አለው፦ ከላይ ተቀጣጥሎ የተሰፋው ቁርጥራጭ፣ መሐል መሙያ፣ ከታች ገበር። ሦስቱንም አንድ ላይ የሚይዝ ስፌት ከላይ እስከ ታች ያልፍባቸዋል። ያ ስፌት ጌጥ ይመስላል፤ ግን እሱ ከሌለ መሙያው ሲታጠብ አንድ ጥግ ሄዶ ይጓጉላል።

ጨርቅ ልግዛ ብላችሁ አትቸኩሉ። ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ማሽን ሥር፣ ማምሻውን ተጠርጎ የሚጣል ቁርጥራጭ ሞልቷል። ሰላም ብላችሁ ለምኑት፣ ይሰጣችኋል። ለገበር አቡጀዲ፣ ለመሙያ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ ይበቃል። ከመቁረጣችሁ በፊት ሁሉንም እጠቡት። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ቀይ ጨርቅ ቀለም ይለቃል፤ ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ከለቀቀ ነጩ ሁሉ ሮዝ ይሆናል። ጂንስ ከስስ ጨርቅ ጎን አይሰፋ፤ ከባዱ ስሱን ጎትቶ ይቀደዋል። ክሩ ከአንድ ክንድ አይርዘም፤ ከረዘመ ይቋጠራል፣ ትበሳጫላችሁ።

እኔ የምወደው አራት ቁርጥራጮች ማዕዘን ለማዕዘን የሚገናኙበትን ቦታ ነው። የላይኛውን ረድፍ ስፌት በካውያ ወደ ቀኝ፣ የታችኛውን ወደ ግራ ታስተኛላችሁ። ከዚያ ሁለቱን ረድፎች ፊት ለፊት ስታነባብሯቸው ጠርዞቹ ተጋጥመው ቁጭ ይላሉ። ዓይን ላያየው ይችላል፤ ጣት ግን ያውቀዋል። ጉብታ ከሌለ ገጥሟል ማለት ነው። ዴቢትና ክሬዲት በአንድ ሙከራ እኩል ሲመጣ የሚሰማው ደስታ እዚህም አለ።

በዚህ ሥራ ከማደንቃቸው ሰዎች አሜሪካ፣ አላባማ ግዛት ያለችው የጂስ ቤንድ መንደር ጥቁር ሴቶች ይበልጡብኛል። መንደራቸው በሦስት ጎኗ በወንዝ የተከበበች የጥጥ እርሻ ነበረች። ብርድ ልብሱን የሚሰፉት ቤታቸው ስለሚበርድ ነው፤ ጨርቁም ያረጀ የሥራ ልብስ ነው። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት ባሏ ከሞተባት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 የሥራ ልብሶቹን ቆራርጣ አንድ ሰፋች። እነዚህን የሥራ ልብስ ብርድ ልብሶች በፎቶ ተጠግታችሁ እዩ። ፀሐይና አጠባ ያነጣው ጂንስ ላይ ደማቅ ሰማያዊ አራት ማዕዘን ታያላችሁ። ኪሱ የተነሳበት ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሂዩስተን ሙዚየም ውስጥ ሲሰቀሉ የዓለም ሐያሲ ሁሉ ስለ ዘመናዊ ሥዕል አወራ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ሆኑ። ገንዘቡም ዝናውም መጣ፤ የመጣው ግን ለራሳቸው ሲሉ የሰፉትን ፍለጋ ነው።

ሥዕልም እወዳለሁ። የምወደው ደግሞ ፋብሪካን የሚያሳይ ሥዕል ነው። «ጭስ ማውጫ ምኑ ያምራል?» ትላለች ባለቤቴ። ኤል ኤስ ላውሪ የሚባለውን እንግሊዛዊ ፈልጋችሁ እዩ። ማንቸስተር አካባቢ የቤት ኪራይ ሰብሳቢ ነበር፤ በኋላ የዚያው ድርጅት ዋና ገንዘብ ያዥ ሆነ። የሙያ ባልደረባዬ ነው ማለት ነው! ማታ ማታ ሥዕል ይማር ነበር። ዝናው ከወጣ በኋላ እንኳ ሥራውን አልለቀቀም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በ65 ዓመቱ እንደ ማንም ሠራተኛ ጡረታ ወጣ። በትርፍ ጊዜው ብቻ የሚስል «የእሁድ ሠዓሊ» እንዳይሉት የቢሮ ሥራውን ይደብቅም ነበር። አምስት ቀለም ብቻ ይጠቀማል፦ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ። ሥዕሎቹ ውስጥ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጡ ቀጫጭን ሰዎች አሉ፤ ጎንበስ ብለው ይጣደፋሉ፣ ጥላ የላቸውም። ለገሃር ላይ ማታ ታክሲ የሚጠብቅ ሕዝብ ያየ ሰው ያውቃቸዋል። ቤት ለቤት ኪራይ ሲሰበስብ ባይዞር ኖሮ እነዚያን ሰዎች ከየት ያመጣቸው ነበር? ለዚህ ነው «ሥራዬን ለቅቄ ፍላጎቴን ልከተል» የሚለውን ምክር የማላምነው።

አሜሪካዊው ቻርልስ ሺለርም የፎርድን ፋብሪካ ስሏል። እጁ ንጹሕ ነው፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ሰው ግን በጭንቅ ነው የሚገኝበት። እኔን ትንሽ ይበርደኛል።

የኛዎቹም አሉ። አፈወርቅ ተክሌ በልጅነቱ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር፤ ሠዓሊ ሆኖ ተመለሰ፣ የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት ሠራልን። ከሁሉ ግን ለዚህ ደብዳቤ የሚቀርበው ኤልያስ ስሜ ነው። ቀድሞ በመርፌና በክር ሸራ ላይ ይሰፋ ነበር። ኋላ የተጣሉ የኮምፒውተርና የስልክ ሰሌዳዎችን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ሰብስቦ እየጠለፈ ግድግዳ የሚያክል ሥራ ይሠራል። ከሩቅ ሲታይ ከአውሮፕላን የታየ ከተማ ወይም እርሻ ነው። ቀረብ ስትሉ የማን ስልክ እንደነበር የማይታወቅ ቁልፍ ታገኛላችሁ። ዕቃውን በብዛት ያገኘው መርካቶ ነው።

እናንተም እዚያው ሂዱ። ምናለሽ ተራ ቅዳሜ ጠዋት ግቡ። የዘይት በርሜል ተቀዶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ምድጃ ሲሆን ቁማችሁ እዩ። ዝገቱ ብርቱካናማ፣ የበርሜሉ ቀለም ሰማያዊ፣ የተቀጠቀጠው ቦታ ብር የመሰለ ነው፤ ለብርድ ልብስ ከዚህ የተሻለ የቀለም ምርጫ እኔ አላገኘሁም። ጫጫታው ጆሮ ይበጥሳልና ለመነጋገር አትሞክሩ። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዙ። ከመንቀሳቀሻው መንገድ ገለል በሉ፤ ተሸካሚ «መንገድ! መንገድ!» ሲል ቀድማችሁ ዝለሉ። ከመሳላችሁ በፊት ባለ ሱቁን አስፈቅዱ፣ አንድ ነገርም ግዙት። ስልካችሁን የውስጥ ኪስ ውስጥ ቆልፉበት። አንደኛ፣ በእርሳስ ስትስሉ ነው የምታዩት። ሁለተኛ፣ መርካቶ ናችሁ።