600 ጊጋ አጥፍቼ ቦታው ለምን አልተመለሰም?

ከሐረር የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ የሚሠራ ወንድማችን እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «የስቱዲዮዬ ኮምፒውተር በሊኑክስ ነው የሚሠራው። ሁለት ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ በሬይድ 1 (አንዱ ዳታ በሁለቱም ዲስክ ላይ እንዲጻፍ) ተጣምረው በቢቲአርኤፍኤስ (btrfs) የፋይል ሥርዓት ፎርማት ተደርገዋል። ሲሞላብኝ የድሮ ሰርጎችን ቪዲዮ፣ 600 ጊጋ ያህል አጠፋሁ፤ ትራሹንም ባዶ አደረግሁ። ነፃ ቦታው ግን ንቅንቅ አላለም። ይባስ ብሎ የፋይሎችን መጠን በሚደምረው ትዕዛዝ በዲዩ (du) ስለካው 9 ቴራ አለኝ። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?»

ዲስክህ ደህና ነው ወንድሜ። ፋይሎቹን የያዙብህ ስናፕሾቶች፣ ማለትም ፋይሎችህ በአንድ ወቅት የነበሩበትን ሁኔታ እንዳለ የሚያቆዩ ቅጽበታዊ ምስሎች ናቸው።

የእድር ድንኳን አስብ። ሰባት አባላት ቤት እየዞርክ «ድንኳን አላችሁ?» ብትል ሰባቱም አዎ ይሉሃል፤ መዝገብህ ላይ ሰባት ድንኳን ይሰፍራል። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። አንዱ አባል ከእድሩ ቢወጣም ድንኳኑ አብሮት አይወጣም። ስናፕሾትም እንዲሁ ነው፤ ሲነሳ ቪዲዮህን አይገለብጥም፣ እዚያው ያለውን ዳታ ይጋራል። ዲዩ ቤት ለቤት ስለሚቆጥር አንዱን ቪዲዮ በየስናፕሾቱ ደጋግሞ ደመረልህ፤ 9 ቴራው ከዚያ መጣ። አንተ ስታጠፋ ደግሞ የወጣው አንድ አባል ብቻ ነው።

በዲዩ አልፈርድም። እሱም፣ ነፃ ቦታ የሚያሳየው ዲኤፍም (df) እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የመጀመሪያው የዩኒክስ ማኑዋል ውስጥ አሉ፤ ያኔ ስናፕሾት የሚባል ነገር አልነበረም። የምፈርደው ዛሬም አንድ ቁጥር ብቻ አሳይተው በሚያልፉ አዳዲስ ፕሮግራሞች ላይ ነው። ዲስክ የሞላበት ሰው ጥያቄው «ይህ ፋይል ስንት ነው?» አይደለም። «ይህን ባጠፋ ስንት ይመለስልኛል?» ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ካለው ሱቄ አንድ ደንበኛ እንዳንተው አጥፍቶ አጥፍቶ ቦታ ሲያጣ ታይዋን ገበያ ሄዶ አዲስ ዲስክ ገዝቶ መጣ። ያንን ሁሉ ብር ያስወጣው ጥያቄውን የማይመልስ ቁጥር ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያ በቢቲአርኤፍኤስ ሰብቮልዩም ሊስት (btrfs subvolume list) ስናፕሾቶችህን እያቸው። ቀጥሎ በተራው ዲዩ ሳይሆን በራሱ በቢቲአርኤፍኤስ ዲዩ (btrfs filesystem du) ለካቸው። እሱ «ኤክስክሉሲቭ» የሚል ዓምድ አለው፤ ያ ስናፕሾት ለብቻው የያዘው ማለት ነው፤ እሱን ብቻ ብታጠፋ የሚመለስልህ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያጠፋኸው 600 ጊጋ በሦስት ስናፕሾት ውስጥ ካለ፣ ሦስቱም ኤክስክሉሲቫቸው ዜሮ አካባቢ ይሆናል፤ ማንም ለብቻው አልያዘውማ። «ዜሮ ከሆነማ ባጠፋውስ ምን ይጠቅመኛል» ብለህ ትተዋለህ። ሦስቱን አንድ ላይ ስታጠፋ ግን 600ው ይመለሳል። ስለዚህ የዓምዱን ድምር አትመን። ዜድኤፍኤስ (ZFS) የሚባለው ሌላ የፋይል ሥርዓት በዚህ በኩል የተሻለ ነው፦ ከዚህ እስከዚያ ያሉትን ስናፕሾቶች ባጠፋ ስንት አገኛለሁ ብለህ፣ ምንም ሳታጠፋ በሙከራ መጠየቅ ትችላለህ። ለእኔ ማንኛውም የዲስክ መለኪያ ሊኖረው የሚገባ ነገር ይህ ነው።

የማትፈልጋቸውን ስናፕሾቶች ከማጥፋትህ በፊት ግን የደንበኞችህ ቪዲዮ ሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ እንዳለው አረጋግጥ። ሬይድ 1 ባክአፕ አይደለም፤ በስህተት ያጠፋኸውን ከሁለቱም ዲስክ ያጠፋዋል። ስናፕሾቱን አጥፍተህ ወዲያው ቁጥሩ ካልተለወጠ አትደንግጥ፤ ማጽዳቱ ከጀርባ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው።

ዲፍራግመንት አድርግ (የተበታተኑ የፋይል ቁርጥራጮችን ሰብስብ) የሚልህ ካለ እንዳትሰማው። ቢቲአርኤፍኤስ ላይ ዲፍራግመንት የጋራውን ዳታ ይነጣጥለዋል፤ አንዱ ድንኳን እውነትም ብዙ ድንኳን ይሆንና ጭራሽ ቦታ ታጣለህ። በኮምፕሬሽን ቦታ አተርፋለሁም አትበል፤ የካሜራ ቪዲዮና ጄፔግ አስቀድሞ የተጨመቀ ነው።

ለነፃ ቦታ ቢቲአርኤፍኤስ ፋይልሲስተም ዩሴጅን (btrfs filesystem usage) ተጠቀም። መጠኑ 7.28 ቴራ ቢልህ የሁለቱ ዲስክ ድምር ነው፤ ሁሉም ዳታ ሁለቴ ስለሚጻፍ ያንተ ግማሹ ነው፣ 3.64። 4 ያልሆነው ፋብሪካው በ1000፣ ኮምፒውተሩ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ከነፃ ቦታው ጎን በቅንፍ «ሚን» ተብሎ የተጻፈውን ዝቅተኛ ግምት ያዝ፤ የሰርግ ቀረጻ ስትቀበል በእሱ አስላ።

እዚያው ላይ «አንአሎኬትድ» (ገና ያልተመደበ ቦታ) የሚለው ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሌላ ጣጣ አለ። ቢቲአርኤፍኤስ ቦታውን መጋዘን ውስጥ ጆንያ እንደሚደረድር ሰው በየክፍሉ ነው የሚይዘው፤ ግማሽ የሞሉ ጆንያዎች መጋዘኑን ሲያጣብቡ ለአዲስ ጆንያ ቦታ ይጠፋል፣ ጆንያዎቹ ውስጥ ግን ባዶ ቦታ አለ። ያኔ ባላንስ (btrfs balance) አድርግ፣ ማለትም ግማሽ የሞሉትን ጆንያዎች አጋባቸው፤ ሁሉንም ሳይሆን ዩሴጁ (የሞላው) ከ10 በመቶ በታች የሆኑትን ብቻ፣ ካልበቃ 30 እያልክ ጨምር። መብራት እንዳይሄድብህ ዩፒኤስ ላይ ሰክተህ፣ ኤዲት በማታደርግበት ሰዓት አስጀምረው።