መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጅሽ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ራሱን ያመዋል፣ ያስለዋል። ቅዳሜና እሁድ ግን ደህና ነው። መምህሩ «ብርዱ ነው» ብሎ መስኮት ያዘጋል። አንቺ ደግሞ የክፍሉ አየር ይሆን ወይ ብለሻል። እኔ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 19 ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት መስኮት ከሚያዘጉት ነበርኩ። ስለዚህ መምህሩ ላይ አልፈርድም።

የጮቄ ተራራን ውርጭ የቀመሰ ያውቀዋል። በታኅሣሥ ጠዋት ልጁ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እየተንቀጠቀጠ ሲቀመጥ «መስኮት ክፈቱ» ማለት ጭካኔ ይመስላል። እናቶችም «ልጄን ብርድ አስመታኸው» ብለው ይመጣሉ።

አንድ ቀን ቢሮ ስብሰባ ያዘኝና ክፍል የገባሁት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። 68 ልጆች ነበሩ። በሩን ስከፍት የክፍሉ ሽታ ፊቴን መታኝ። በየቀኑ ስውልበት የኖርኩት ክፍል እኮ ነው! ውስጥ ያለ ሰው አይሸተውም፣ አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ግማሾቹ ዴስኩ ላይ ተደፍተዋል። እኔ ይህን ስንፍና እያልኩ «ተነሱ፣ አጨብጭቡ» ስል ነበር የኖርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ ያለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ነው። ከሳንባችን የሚወጣው ግን 4 በመቶ ገደማ፣ መቶ እጥፍ ማለት ነው። ጀርመናዊው የጤና አጠባበቅ ሊቅ ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 እ.ኤ.አ. ክፍል ውስጥ ከ0.1 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል ብሎ ነበር። በተዘጋ ክፍል 68 ልጅ ሲተነፍስ ያን ለማለፍ ጊዜ አይፈጅበትም። ጋዙ በዚህ መጠን መርዝ አይደለም። የሚነግረን ከሌላ ሰው ሳንባ የወጣ ምን ያህል አየር መልሰን እየሳብን እንደሆነ ነው። ጉንፋኑም፣ ኩፍኙም፣ ቲቢውም የሚሳፈረው በዚያው አየር ላይ ነው። ጉንፋን ቫይረስ ነው እንጂ ብርድ አይደለም። ብርዱ ጥፋት ካለበት መስኮቱን እንድንዘጋ ስላደረገን ነው።

ሳሉ ግን ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ልብ በይ። ልጅሽን ክፍሉ የሚጠረገው ስንት ሰዓት ነው ብለሽ ጠይቂው። እኛ ጋ ተረኞች ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ልጆች እየገቡ፣ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጉ ነበር። አቧራው ሳይረግፍ ትምህርት ይጀመራል። ጥርጊያውን ወደ ማታ፣ ከትምህርት በኋላ አዛወርነው። ውሃ አርከፍክፈው፣ መስኮት ከፍተው ይጠርጋሉ። ዳስተርም ውጭ ይራገፋል፤ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ማጥፋት ደግሞ የጠመኔውን ብናኝ ይይዘዋል። በልኬት አልያዝኩትም፣ ግን በዚያ ዓመት የክፍሉ ሳል እንደቀለለ ጆሮዬ መስክሯል።

አከፋፈቱም ዘዴ አለው። አንድ መስኮት ብቻ ብርግድ አድርጎ መክፈት ብርዱን ያስገባል እንጂ አየሩን ብዙ አይለውጥም። አየር መግቢያና መውጫ ይፈልጋል። በሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ገርበብ ማድረግ ይሻላል። በዕረፍት ሁሉንም ልጅ አስወጥቶ 10 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ መክፈት ነው። ግድግዳውና ዴስኩ ሙቀት ስለሚይዙ ክፍሉ ቶሎ ይመለሳል። መስኮት ሥር የሚቀመጡት ልጆች በየሳምንቱ ይቀያየሩ። በመጋቢት ንፋስ ደግሞ አቧራማ መንገድ ያለበትን ወገን አጥብቦ ሌላውን ማስፋት ነው።

አንድ ዓመት ወላጆች አዋጥተው ኮርኒስ አሠሩልን። አጨበጨብን። ክፍሉም ሞቀ። ለካ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል የነበረው ክፍተት ነበር ትኩሱን አየር ሲያስወጣልን የኖረው! እሱን ደፍነን አረፍን። በኋላ በላይ በኩል ቀዳዳ አስከፈትን፣ ወንፊት ሽቦ ለበጥንበት።

ከሰል ግን በፍጹም! አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለልጆቹ አዝኖ ማንደጃ አስገባ። ሁለት ልጆችን አዞራቸውና አስመለሳቸው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሳያስታውቅ ይገድላል።

ራስ ምታቱን ሁሉ ግን በአየር አላላክክም። ቁርስ ሳይበላ ይሄዳል? ውሃ ይጠጣል? መስኮቱ የላሜራ ከሆነ ሲዘጋ ብርሃንም ይጠፋል፤ በጨለማ ሰሌዳ ሲያፈጥ የዋለ ዓይን ራስ ያሳምማል። ቤት ውስጥ የምድጃ ጭስ ካለ እሱንም አስቢበት። ቅዳሜና እሁድ ደህና የሚሆነው ውጭ ሲጫወት ስለሚውል ሊሆን ይችላል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ቲቢ ይመርመር። ሌሊት ደረቱ ሲር ሲር ካለ አስም ሊሆን ይችላል፣ እሱንም ይዩለት። ትኩሳት ኖሮት አንገቱን ማጎንበስ ካቃተው ግን ማጅራት ገትር ሊሆን ስለሚችል ሰዓት አትጠብቂ።

መምህሩን ዳይሬክተር ፊት አትክሰሺው፣ እልህ ይይዘዋል። በዕረፍት ሰዓት ሄደሽ ከክፍሉ ውጭ አዋሪው። ትንሽ ቆይታችሁ፣ ገና መስኮቱ ሳይከፈት፣ አብራችሁ ግቡ። አፍንጫው ይነግረዋል።

እዚያው ሳለሽ የመስኮቱን መንጠቆ እይው። እኔ ክፍል ሁለቱ መስኮቶች ለብርድ የተዘጉ ይመስለኝ ነበር። መንጠቋቸው ተሰብሮ፣ ንፋሱ እያላጋቸው ስላስቸገረ ነው ልጆቹ ጥርቅም ያደረጓቸው። ክንድ በምታህል ሽቦ አሰርናቸው።